«ነቀርሳ ነው» ተብለን ነበር፤ ስለ ጎንደሩ የአጥንት ናሙና ምርመራ የኔ ግምገማ

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ እነግራችኋለሁ፣ ግን ከአራቱ ልጀምር።

የምገመግመው ጎንደር ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሰጠውን የአጥንት ናሙና ምርመራ ነው። በመርፌ ከአጥንቱ ቅንጣት ወስደው በሽታው ምን እንደሆነ የሚለዩበት ማለት ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። መጀመሪያ የሄድንበትን የግል ክሊኒክ ስምም አልጠቅስም። ማንንም ለመክሰስ አልተነሳሁም፤ እኛ ያየነውን ሦስት ሳምንት ሌላ ቤተሰብ እንዳያየው ብዬ ነው የምጽፈው።

ታማሚው አባቴ ነው። 62 ዓመቱ ነው፣ ደንቢያ ላይ ጤፍና ሽምብራ የሚያርስ ገበሬ። ባለፈው መስከረም ከወገቡ ከፍ ብሎ ጀርባውን ያመው ጀመር። ገበሬ ጀርባዬን አመመኝ ቢል ማን ይደነግጣል? እኛም አልደነገጥንም። ብርድ ነው አልን። ወጌሻ አሸው። ማስታገሻ ገዛን። ጸበል ተጠመቀ። ትንሽ ይሻለውና ደግሞ ይመለስበታል። ከጥር ወዲህ ግን ሌሊት መተኛት አቃተው፣ ጋቢውን ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፎ ያነጋል፣ ምግብ አይበላም፣ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳንለት። አንድ ማታ እናቴ ጀርባውን በቅቤ ስታሸው እጇ ቆመ። «ይችስ ምንድን ናት?» አለች። ከጣቷ ስር፣ አከርካሪው መሃል ላይ፣ ጉብ ያለች ነገር አለች። ስትነካው ያማል፣ ግን አልቀላም፣ አያተኩስም።

ጎንደር አመጣሁት። እኔ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ ነው የምኖረው። የግል ክሊኒክ ይሻላል፣ ሰልፍ የለውም ብዬ ወሰድኩት። ራጅ ተነሳ። ኤም አር አይ ታዘዘ፣ እሱንም አስነሳን፤ ብሩን ከዘመድ ተበድረን። ፊልሙን ያየው ሐኪም ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ አባቴ አጠገባችን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እየሰማ፣ «ነቀርሳ ነው፣ አጥንቱ ላይ ተሰራጭቷል፣ የተነሳው ከሌላ ቦታ ነው የሚሆነው፣ አዲስ አበባ ውሰዱት» አለን። አለቀ። ናሙና የለ፣ የደም ምርመራ የለ። አምስት ደቂቃ አይሞላም።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ልናገር። በጣም የጎዳን እሱ ነው። ነቀርሳ በአማርኛችን ሁለት በሽታ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። የጡት ነቀርሳ ስንል ካንሰር ማለታችን ነው። የአጥንት ነቀርሳ ሲባልስ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ደግሞ አጥንት ላይ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሁለቱም ሌሊት አያስተኙም። ሐኪሙ ካንሰር ማለቱ እንደሆነ ከፊቱ ገብቶኛል። ለእናቴ ስደውል ግን «ነቀርሳማ ያጎቱም ልጅ ይዞት ኪኒን ውጦ ድኗል፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። እማዬ ይሄ ሌላኛው ነው አልኳት። ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ታላቅ ወንድሜ ለአዲስ አበባው ጉዞ ጥማድ በሬውን ሊሸጥ ገዢ አነጋገረ። አባቴ ያን ሰሞን ብዙም አይናገርም ነበር። የበሬዎቹን ነገር ሲሰማ ግን «አትሽጡ። እኔስ ሄድኩ፣ እናንተ በምን ልታርሱ ነው?» አለ።

ከአከራዬ ቤት ጎን ነርስ የሆነች ጎረቤት አለችኝ። ወረቀቱን አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና «ናሙናው የታለ?» አለች። አልተወሰደም አልኳት። «እንዴ፣ ታዲያ ካንሰር ነው ያለው ማን ነው? አዲስ አበባ ብትሄጂም መጀመሪያ የሚሉሽ ናሙና ይወሰድ ነው። እዚሁ ይወሰዳል» አለችኝ። ልክ ናት። ጎንደር እኮ የጤና ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ግን ትልቅ በሽታ ሲባል ቶሎ አዲስ አበባ ነው የሚታየን።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ካርድ ክፍል ተሰለፍን። ተራችን የደረሰው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነው። ያየችን ዶክተር ወጣት ናት። መጀመሪያ ፊልሙን አልጠየቀችም። አባቴን አስቀመጠችና «አባባ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?» ብላ ከስሩ ጠየቀችው። ሳል አለ? ሌሊት ያልብዎታል? እግርዎ ይደነዝዛል? ሽንት መያዝ ያቅትዎታል? ቤት ውስጥ በቲቢ የታከመ ሰው አለ? ጥሬ ወተት ይጠጣሉ? የወተቱ ጥያቄ ገርሞኝ ነበር። ለካ በጥሬ ወተት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታም አከርካሪ ይይዛል፣ የከብት ቲቢም በወተት ይተላለፋል። ሰፈር የተወጋው መርፌ ካለ ምንነቱንም ጠየቀች። ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ከሆነ አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችን ለጊዜው አሟሽሾ ናሙናውን ያሳስታል፣ ቲቢ ከሆነ ደግሞ ሰውነቱን አዳክሞ በሽታውን ያበረታዋል። ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክና የሱን ዘመዶችም ናሙና እስኪወሰድ እንዳትሰጡት አለች፤ ቲቢውን ሳይገድሉ ይደብቁታል። ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም።

ከዚያ ፊልሙን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። «ኑ እዩት» አለችኝ። «እነዚህ ሁለት አንጓዎች ናቸው። በመሃላቸው እንደ ትራስ የሚሆን ዲስክ መኖር ነበረበት። አሁን ተበልቷል። ካንሰር ብዙ ጊዜ አጥንቱን ይበላና ዲስኩን ይተወዋል። ቲቢ ግን ከአንጓው የፊት ጠርዝ ይነሳል፣ ዲስኩን ይጎዳል፣ ጎረቤቱን አንጓም ይይዛል።» ከዚያ ጣቷን ወደ ጎን አመጣች። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ መሃሉ የወፈረ፣ ጫፍና ጫፉ የቀጠነ ነጭ ነገር አለ። እንዝርት ላይ የተጠቀለለ ፈትል በሉት። «ይሄ መግል ይመስለኛል። የቲቢ መግል አያተኩስም፣ አይቀላም፣ ዝም ብሎ ይጠራቀማል።» እናቴ በቅቤ ስታሸው ያየችው ነገር ትዝ አለኝ።

ደስ ሊለኝ ሲል አቆመችኝ። «ግምት ነው» አለች። ቲቢ አንዳንዴ ዲስኩን ሳይነካ፣ ተራርቀው ያሉ አንጓዎችን እየዘለለ ይይዛል፣ ያኔ ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር ነው የሚመስለው። ካንሰርም አንዳንዴ ቲቢ ይመስላል። በፊልም ብቻ ካንሰር ነው ማለትም አይቻልም፣ ቲቢ ነው ማለትም አይቻልም። ይህን ስትል አባቴን እያየች ነበር። ክሊኒክ ውስጥ በላዩ ላይ ነበር የተወራው። እዚህ ለሱ ተወራ። ከአራቱ ኮከብ አንዱ ለዚህ ነው።

ምርመራዎቹ ብዙ ነበሩ። የደም፣ የኩላሊት፣ የጉበት፣ ኤች አይ ቪ። ወንድ ስለሆነና በዕድሜው ስለገፋ የፕሮስቴት ምርመራ፣ ፒ ኤስ ኤ የሚሉት። ኢ ኤስ አር የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ ቁጣ መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ፣ በጣም ከፍ ብሎ መጣ፤ እሱ ግን በቲቢም በካንሰርም ስለሚጨምር አይለይም። የደረት ራጅ ንጹህ ሆነ። እኔ እሱን ሳይ ተስፋዬ ተሟጠጠ፣ ቲቢ ሳንባ ላይ ነው የሚታይ ብዬ። እንደዚያ አይደለም ተባልኩ። የአጥንት ቲቢ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሳንባቸው ላይ ምንም አይታይም። ጀርሙ ከዓመታት በፊት በሳንባ ገብቶ፣ በደም ሄዶ አጥንት ላይ ተደብቆ ይቆይና ሰውነት ሲደክም ይነሳል።

አሁን ወደ ዋናው። ናሙናው የተወሰደው በሲቲ ስካን እየታየ ነው። አባቴን በሆዱ አስተኙት። ቆዳውን አደነዘዙለት። እኔ ከውጭ ነበርኩ፣ ሲወጣ «እንደ እሾህ ነው፣ ከዚያ ገፋ ገፋ ያደርገዋል እንጂ አያምም» አለኝ። ሰላሳ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከኋላው ዶክተሯ ወጣችና ሁለት ትናንሽ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ነጭ ፕላስተር ተለጥፎባቸዋል፣ ፕላስተሩ ላይ በእስክርቢቶ የአባቴ ስምና የካርድ ቁጥሩ ተጽፏል። አንደኛው ውስጥ ቢጫ የደፈረሰ ነገርና እንደ ፍርፋሪ የሆነ ቅንጣት በጨው ውሃ፣ በሳላይን ማለት ነው፣ ይንሳፈፋል። ሁለተኛው ክዳኑ በደንብ ሳይገጥም ቀርቶ ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝ። ፎርማሊን ነው፣ ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆዩበት ኬሚካል።

«ሁለቱን እንዳታቀያይሪ» አለችኝ። «ፎርማሊን ያለበት ወደ ፓቶሎጂ ይሄዳል፣ እነሱ በማይክሮስኮፕ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ያያሉ። ሳላይን ያለበት ለቲቢ ምርመራ ነው። ፎርማሊን ጀርሙን ስለሚገድለው ካልቸር፣ ጀርሙን አሳድገው የሚያዩበት ምርመራ፣ አይሠራበትም።» ብዙ ቦታ ካንሰር ብቻ ታስቦ የተወሰደው ሁሉ ፎርማሊን ውስጥ እንደሚገባ ነገረችኝ። ያኔ ቲቢውን ለመፈለግ ሰውየውን እንደገና መውጋት ሊያስፈልግ ነው። ወገኖቼ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ዘመዳችሁ ከአጥንት ናሙና ሊወሰድለት ከሆነ በትህትና «ለቲቢውም በሳላይን ይወሰዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም። ሁለተኛው ኮከብ ለነዚያ ሁለት ጠርሙሶች ነው።

መጀመሪያ የመጣው ጀርሙን በቀለም አቅልመው በማይክሮስኮፕ የሚያዩበት ውጤት ነው። አልታየም ይላል። ክው አልኩ። ዶክተሯ ግን አልተገረመችም፤ በዚያ ምርመራ ለመታየት ጀርሙ በጣም ብዙ መሆን አለበት፣ አጥንት ላይ ደግሞ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ጂን ኤክስፐርት መጣ፣ የጀርሙን ዘረመል በማሽን የሚፈልጉበት ምርመራ። ማሽኑ ራሱ ሁለት ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው፣ እኛ ተራ ይዘን በማግስቱ ደረሰን። የቲቢ ጀርም ተገኝቷል። ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋናውን መድኃኒትም አልተላመደም። ከ12 ቀን በኋላ የፓቶሎጂው መጣ። የካንሰር ሴል የለም። መሃሉ እንደ አይብ ሆኖ የሞተ፣ ዙሪያውን የመከላከያ ሴሎች የከበቡት እብጠት አለ፤ የቲቢ ምልክት ነው። ኤክስፐርቱ ምንም አላገኘም ቢል ኖሮም ፓቶሎጂውን ሳናይ፣ ካልቸሩን ሳንጠብቅ ቲቢ አይደለም አንልም ነበር አለችኝ። ሁለቱ መስማማታቸው ነው ልቧን ያሳረፈው።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እናቴ ጋ ደወልኩ። ድምፄ አልወጣ አለ። «ኪኒን ነው እማዬ» ነው ያልኳት። እልል አለች፣ ስልኩን ከጆሮዬ እስካርቅ ድረስ።

ሁሉም ሰው እንደኛ ደስ ብሎት አይወጣም። ይህንንም ካልጻፍኩ ታማኝ አልሆንም። ሰልፍ ላይ የተዋወቅናት አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነው፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ አብጧል። ሌላ ቦታ ያለ ናሙና የአጥንት ቲቢ ነው ተብሎ ሁለት ወር ኪኒን ውጧል። እብጠቱ ግን ጨመረ። የሱ ናሙና ካንሰር ሆኖ መጣ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ቦታ የሚወጣ የአጥንት ካንሰር አለ፣ ቶሎ መታከም የነበረበት። ወረቀቱን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ የምለው ግን አጣሁ። እኛን የቸገረን ቲቢውን ካንሰር ማለታቸው ነበር፣ እሷን ካንሰሩን ቲቢ ማለታቸው።

የቀነስኳት አንድ ኮከብ እዚህ ጋ ነች። ከአከርካሪ ተወግቶ የወጣ ናሙና በአስታማሚ እጅ ደረጃ ወርዶ፣ ግቢ አቋርጦ ላብራቶሪ መድረስ የለበትም። ቢወድቅብኝስ? ባቀያይራቸውስ? የፓቶሎጂው ውጤት በሰባት ቀን ይደርሳል ተብለን ሦስት ጊዜ ተመላልሰናል፤ ስልክ ቁጥራችን ካርዱ ላይ አለ፣ አንድ ሰው ቢደውል ምን ነበር? የመወጊያውን መርፌ ከውጭ ገዝተን አምጥተናል። የውጤቱ ወረቀት በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ዶክተሯ ባትኖር ኖሮ ማን ያስረዳን ነበር? ከገጠር የመጣ፣ ልጅ የሌለው ታማሚ ያን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ሊመለስ ይችላል።

መድኃኒቱ የሚሰጥበት የቲቢ ክፍል ለብቻው ቢገመገም 5 ከ5 እሰጠው ነበር። መድኃኒቱ በነጻ ነው። የአጥንት ቲቢ ሕክምና በአገራችን 12 ወር ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት፣ ከዚያ አሥር ወር ሁለት መድኃኒት። የክፍሉ ሲስተር አባቴን ካስቀመጠችው ሳታስጨርሰው አላስነሳችውም። «ሽንትዎ ቀይ ብርቱካን ይሆናል፣ ደም አይደለም፣ እንዳይደነግጡ። ዓይንዎ ቀለም መለየት ካቃተው ወይም ቢጫ ከሆነ ግን ያን ቀን ይምጡ። እጅና እግርዎን እንዳያደነዝዝዎ ይችን ቫይታሚን አብረው ይውሰዱ።» ክብደቱን መዝና ኪኒኑን በኪሎው ሰጠችው። ቤተሰቡም ይታይ አለች፣ ታየን። ከዚያ ደንቢያ፣ ቤቱ አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ አዛወሩት።

መንደር ውስጥ ግን ሌላ ነገር ጠበቀን። ቲቢ መሆኑ ሲሰማ ሰው ይፈራው ጀመር። አንዳንዱ ቡና ሲጠራ ለአባቴ ስኒ ለየ። አባቴ ስኒው ሲለይ አይቶ ቡናውን ሳይጠጣ ወጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ዞራ ነው ያስረዳችልን። ቲቢ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ከሳንባ በሳል በሚወጣ ትንፋሽ ነው። ሳንባው ንጹህ የሆነ፣ አጥንቱ ላይ ብቻ ያለበት ሰው በስኒም፣ በማዕድም፣ አብሮ በመተኛትም አያስተላልፍም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ሕመሙ ባሰበት እንጂ አልቀነሰም። መድኃኒቱ አልያዘለትም ብለን ልናቆም ነበር። ስንደውል እብጠቱ መጀመሪያ ሊቆጣ እንደሚችል፣ እንዳናቆም ነገሩን። ስድስተኛው ሳምንት ላይ አንድ ሌሊት ሙሉ ተኛ። እናቴ ትንፋሹን ለማዳመጥ ሁለት ጊዜ እንደተነሳች ነግራኛለች።

የተማርኳትን ሁሉ ልጻፍላችሁ። ከወር በላይ የቆየ፣ ሌሊት የሚብስ፣ ከክሳት ጋር የመጣ የጀርባ ሕመም ወጌሻ ጋ አይሄድም። ወጌሻን አልንቅም፣ ወለምታ ላይ እጃቸው ወርቅ ነው። በቲቢ የተበላ አንጓ ግን ተጭነው ቢያሹት ተሰብሮ ሕብለ ሰረሰሩን ሊጫን ይችላል፣ አባቴ ሁለት ጊዜ መታሸቱን ሳስብ አሁንም ይቀፈኛል። እግር ከዛለ፣ መሄድ ካቃተ፣ ሽንት ካስቸገረ ደግሞ ሰልፍ የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። በሽታው አዲስ አይደለም፣ ፐርሲቫል ፖት የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1779 እ.ኤ.አ. ጉብታውንና የእግሩን መዛል አያይዞ ጽፎታል፣ ሮበርት ኮክ የቲቢን ጀርም ማግኘቱን ከማሳወቁ ከመቶ ዓመት በፊት። ዶክተሯ ካርዱ ላይ የጻፈችው የበሽታ ስም በፖት የተሰየመ ነው። ስትሄዱ የድሮ ራጃችሁንና ፊልማችሁን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ የመጀመሪያውን ራጅ ደንቢያ ረስተን አንድ ቀን ባክኖብናል።

አሁን አምስተኛ ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቀጠሮ መጥቶ ነበር። ከባጃጅ ወርዶ እስከ በሩ ድረስ በእግሩ ሄደ፣ የጀርባ ድጋፉን ከጋቢው ስር አስሮ። ስድስት ኪሎ ጨምሯል። ጉብታዋ ግን አልጠፋችም፣ አትጠፋምም ተብለናል። ዶክተሯ አዲሱን ራጅ እንደዚያ ቀኑ ወደ መስኮቱ ይዛ ስታይ አባቴ «ማረስ መቼ እችላለሁ?» አላት። «ኪኒኑ ሳያልቅ እንዳያስቡት፣ ከዚያም አይተን ነው» አለችው። ካርዱን በላስቲክ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ መለሰው። ዘንድሮ ወንድሜ ነው ያረሰው፣ በነዚያው በሬዎች።